41 ሰዓት ሰጥቼ 9 ሰዓት ተቀበልኩ

ውድ አማካሪዬ፣

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። 38 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እንጀራዬ የልብስ ስፌት ነው። ከስድስት ወር በፊት 14 ቤት ሆነን «የሰዓት እቁብ» ያልነውን ነገር ጀመርን። ብር የለበትም። ለአንዷ አንድ ሰዓት ከሰፋሁላት አንድ ሰዓት ይያዝልኛል፤ ያንን ከፈለግኩት ጎረቤት በሌላ ሥራ እቀበላለሁ። ኤሌክትሪሺያን አለን፣ የሒሳብ አስተማሪ አለ፣ ባለባጃጅ ልጅ አለ፣ ሹሩባ የምትሠራ አለች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማም አሉ። ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ ደመርኩት። የሰጠሁት 41 ሰዓት፣ የተቀበልኩት 9 ነው። ዘጠኙም የልጄ የሒሳብ ጥናትና አንድ ቀን የተሠራልኝ ቬንትሌተር ነው። ኤሌክትሪሺያኑ 5፣ አስተማሪው 2 ሰዓት ትርፍ አላቸው። ባለባጃጁ 9፣ እማማ 8፣ ሹሩባ ሠሪዋ 7 ሰዓት ዕዳ አለባቸው፤ የቀሩት ስምንት ቤቶች ተደምረው 15 ይጎድላቸዋል። የሚመጣው ሁሉ ሱሪውን ይዞ «አቦ፣ ዚፕ ብቻ እኮ ናት!» ይለኛል። እኔም እንዳይከብዳቸው ብዬ ዚፕን 15 ደቂቃ ብዬ እጽፋለሁ። ሹሩባ ሠሪዋ አንዴ «ልጅሽን አምጪያት፣ ፀጉሯን ልሥራት» ስትለኝ ሥራ የበዛባት መስሎኝ «ግድ የለም፣ እኔው እሠራታለሁ» አልኳት። አሁን ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ «የእኔ አንድ ሰዓት እንደ ሁለት ካልተያዘ እወጣለሁ» ብሏል። ባለቤቴ በበኩሉ «በዚህ ሁሉ ሰዓት ስንት ብር ይሠራበት ነበር» እያለ ይነዘንዘኛል። ልተወው? በእድርም በቡናም የምንገናኝ ሰዎች ነን፤ መቀያየም አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

መርፌዋ የደነዘዘባት፣ ከሳቢያን

እኅቴ፣

በመጀመሪያ ስለ ደብተርሽ። ትርፉ 32፣ 5 እና 2 ሲደመር 39 ነው። ጎደሎው ደግሞ የሦስቱ 24 እና የስምንቱ ቤት 15፣ እሱም 39። ተጣጥሟል፤ እያንዳንዱ ሰዓት በሰጪውም በተቀባዩም ስም ተጽፏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ይኼ ድምር አልገጥም ሲል ሊፈርስ ስለሚችል፣ ስድስት ወር ሙሉ ሳታዛንፊ መያዝሽ ቀላል ነገር አይደለም። መሰልቸትሽም አያስገርምም። ለደብተሩ ስልክ ስትደውዪና ስትጽፊ ያጠፋሽው ጊዜ ከ41ዱ ውስጥ የለበትም፣ አይደል?

እንደሚመስለኝ የተጣመመው የጎረቤቶችሽ ልብ አይደለም። ስሙን ከእቁብ ወሰዳችሁ፣ መዝገቡን ከወንፈል፣ አመሉን ከደቦ። በደቦ ማንም አይቆጥርም፤ የጠራ ሰው ያበላል ያጠጣል፣ የመጣው ሠርቶ ይሄዳል። በወንፈል ግን ቁጥር አለ፤ ዛሬ የእኔን ማሳ ካረምሽ ነገ የአንቺን አርማለሁ፣ አንድ ቀን ለአንድ ቀን። እቁብ ደግሞ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። እናንተ ዘንድ «ዚፕ ብቻ እኮ ናት» የሚለው ሰው ደቦ ላይ ያለ መስሎታል፤ አንቺ ወንፈል እየቆጠርሽ ነው። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፣ ግን አንድ ቤት ውስጥ አይደላችሁም። ዳኛው ደግሞ ከነጭራሹ አልተመረጠም። (እድርም ሆነ የሐረሮች አፎቻ እዚህ አይደርሱልሽም፤ እነሱ ለሐዘንና ለሠርግ የቆሙ ናቸው፣ ዚፕ አይቀይሩም።)

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለራስሽ ያዢው። 32ቱ ሰዓት እንዲመለስልሽ ነው የምትፈልጊው ወይስ ሰዎቹ ድካምሽን እንዲያዩት? ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት አላቸው፤ ደብዳቤሽን ሳነበው ሁለተኛው ይበልጥ የሚያምሽ ይመስለኛል።

ድካምሽ ለምን እንደማይታይ ላስረዳሽ። ኤሌክትሪሺያኑ ሰው ቤት ገብቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አልቦት ይሠራል። ባለቤቱ ቆሞ ያየዋል። አንቺ ግን ሱሪውን ተቀብለሽ በር ትዘጊያለሽ። ማታ ሲመጡ ታጥፎ ይጠብቃቸዋል። የጂንስ ዚፕ የቀየረ ሰው ያውቀዋል፤ መስፋቱ ትንሹ ሥራ ነው። ወገቡን መክፈት አለ፣ የድሮውን ስፌት ክር በክር መፍታት አለ፣ ድርብ ስፌቱን እንደነበረ መመለስ አለ። ቀጭን መርፌ ወፍራሙ መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ 16 ቁጥር መርፌ መቀየር ይጠይቃል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። አንቺ 15 ደቂቃ ብለሽ ስትጽፊ ለጎረቤትሽ ያስተማርሻት «ዚፕ 15 ደቂቃ ነው» የሚለውን ነው። ታዲያ «ብቻ እኮ ናት» ብትል ይፈረድባታል?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እውነተኛውን ሰዓት ጻፊ። ያለፈውን ግን አትነካኪው። የድሮ ገጽ ከፍቶ «ያኔ 15 ያልኩት 50 ነበር» ማለት ሰፈር ያስቀይማል፣ የሚጠቅምሽም ነገር የለም። ሥራ ሲመጣልሽ ከመቀበልሽ በፊት ግምቱን ንገሪ፤ «የጂንስ ዚፕ ነው፣ አንድ ሰዓት እይዛለሁ፤ ዚፑንና ክሩን አንቺ ታመጫለሽ።» የሱሪ እግር ማሳጠር ከነካውያው 25 ደቂቃ ያህል ነው፣ 30 በዪው። የተማሪ ሸሚዝ ከቆረጣው ከኮሌታው ጋር ሦስት ሰዓት አያንስም። ሒሳቡን በሩብ ሰዓት ያዙት፤ ደቂቃ በደቂቃ መቁጠር ጎረቤትን እንደ ታክሲ ታሪፍ ያደርገዋል። ዕቃ ሁልጊዜ በብር ይሁን፣ ከሰዓቱ ጋር አይደባለቅ። ዚፕ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ የባጃጅ ነዳጅ፣ አምፖል፣ ሁሉም በተቀባዩ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ ሳልቆጣ ነው የምነግርሽ። ሹሩባ ሠሪዋ ልትከፍልሽ መጥታ ነበር። መለስሻት። ይሉኝታሽ ይገባኛል፣ ግን ከእሷ ቦታ ሆነሽ እዪው፤ 7 ሰዓት ዕዳ አለብሽ፣ ልትከፍዪ ስትሄጂ «ግድ የለም» ትባያለሽ። ከዚያ በኋላ አንገትሽን ደፍተሽ ታልፊያለሽ፣ ወይም ዕዳውን ትረሽዋለሽ። የጊዜ ባንክ የሚባለውን አሠራር አሜሪካ ውስጥ ያስፋፋው የሕግ ሰው ኤድጋር ካን፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1980 ልቡን ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ያንገበገበው መታመሙ ብቻ አልነበረም። ሰው ሁሉ እያገዘው እሱ ለማንም የማይጠቅም መሆኑ ነበር። እማማም ሆነ ሹሩባ ሠሪዋ እንደዚያ እንዳይሰማቸው የምታደርጊው አንቺ ነሽ፣ በመጠየቅ። ከካን በፊት ደግሞ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1973፣ ኦሳካ ላይ እንዲህ ያለ ማኅበር ያቋቋመችው ተሩኮ ሚዙሺማ የምትባል ጃፓናዊት ናት። እሷም እንዳንቺ ስፌት ታውቅ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በመኪናዋ እየሰፋች ከጎረቤት አትክልት ትቀበል ነበር። ትሰፋ ነበር፣ ግን ትቀበልም ነበር።

ደግሞ ዕዳ ያለበት ሰው ለአንቺው መክፈል የለበትም። በወንፈል የሚመልስልሽ ያው የሠራሽለት ሰው ነው፤ ይኼኛው ግን ዙሪያውን ይሄዳል። ባለባጃጁ የአስተማሪውን ልጆች ትምህርት ቤት ያድርስ፣ አስተማሪው የአንቺን ልጅ ያስጠና፤ የባለባጃጁ 9 ሰዓት ዕዳ ቀነሰ፣ የአንቺም ትርፍ ቀነሰ። ባጃጁ አምስት ልጅ ከአራት ቤት ጭኖ ግማሽ ሰዓት ከነዳ ግማሹ ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ይያዝለት፣ ለአራቱ ቤቶች ይከፋፈል። ይኼን አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁበት ጠብ ያመጣል፤ እሱ በየቤቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እቆጥራለሁ ብሎ ሁለት ሰዓት ይላችኋል።

እማማስ? 8 ሰዓት ዕዳ ያለባቸው «ምን አቅም አላቸው» እየተባለ ምንም ስላልተጠየቁ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ድሬ ላይ ወርቅ ነው። ውኃ በተራ ስትመጣ ሥራ ላይ ያላችሁት ሁሉ ተራው ያመልጣችኋል። ቧንቧውን ከፍተው በርሜሉ ሲሞላ የሚዘጉ፣ አንድ ሰዓት የሚያዝላቸው እሳቸው ይሁኑ። ማንሳት መሸከም የለበትም፤ ጎማውን አንቺ አስገብተሽ ትወጫለሽ። ምስር መልቀም፣ ሕፃን ተኝቶ እስኪነሣ መጠበቅ፣ ልጆችን ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ማለማመድ፣ ከእነዚህ የሚችሉትን እሳቸው ራሳቸው ይምረጡ። «ምን ያግዙን?» ብለሽ ጠይቂያቸው እንጂ «ዕዳዎትን ትተንልዎታል» አትበዪ። ይኼኛው ምሕረት ይመስላል እንጂ ከማኅበሩ ማውጣት ነው።

ስለ ኤሌክትሪሺያኑ። አንድ ሰዓቱ እንደ ሁለት መያዝ የለበትም፤ እዚህ ላይ ጽኑ። ለእሱ ሁለት ስትሉ አስተማሪው አንድ ተኩል ይላል፣ አንቺም ከእሱ የማያንስ ሙያ አለሽ፣ እማማ ሩብ ይቀራቸዋል። ያኔ ብር ነው የሠራችሁት፣ ሳንቲም የሌለው ብር። ግን ቁጣውን ከመመለስሽ በፊት ደብተሩን እዪ። እሱም 5 ሰዓት ትርፍ አለው። እሱም እንዳንቺ ሰጥቶ አልተቀበለም። «እጥፍ ካልሆነ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ «ምኑን እወስድበታለሁ?» ማለቱ ነው። በመጀመሪያ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁት፤ የሥራ ልብሱ የተቀደደ ይሆናል፣ ልጁ ሒሳብ አስቸግሮት ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ድንበር ነው። ጥቃቅኑ ሥራ በሰዓት ይያዝ። የጣሪያ ቬንትሌተር እያጉረመረመ ካልዞረ፣ በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ግን ከተነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሣው ትንሽ ዕቃ) ነው። ማብሪያውን ሳይሆን ብሬከሩን አጥፍቶ፣ የድሮው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ (ብዙዎቹ 2.5 ማይክሮፋራድ ይላሉ) ያንኑ ገዝቶ መግጠም ነው፤ ለባለሙያ የ40 ደቂቃ ሥራ ስለሆነ 45 ይያዝ። ሶኬት፣ አምፖል መያዣ፣ የካውያ ገመድም እንዲሁ። ቤት ሙሉ መስመር መዘርጋት ግን በብር ይሁን፣ በውል። ቆጣሪውንና ከምሰሶ የሚመጣውን መስመር ደግሞ በሰዓትም በብርም ጎረቤት አይነካካው፤ የመብራት ኃይል ነው። ይኼ ድንበር ሲበጅለት እንጀራውን የምትነኩበት መሆናችሁ ይቀርለታል። ይኼንንም ሰምቶ እወጣለሁ ካለ በሰላም ይውጣ።

ለአንቺም ተመሳሳይ ድንበር ያስፈልግሻል፤ ባለቤትሽ የሚለው ውስጥ እውነት አለ። ጥገናው በሰዓት፣ አዲስ ስፌቱ በብር። በተለይ መስከረም ሊጠባ ሲል የተማሪ ዩኒፎርም እንጀራሽ ነው፤ ያንን ወር ማኅበሩ አይንካብሽ። በሳምንት ከሁለት ሰዓት በላይ ለማኅበሩ አትስፊ፤ ቀኑንም አንድ አድርጊው። ለምሳሌ ረቡዕ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። በየቀኑ አንዳንድ ሱሪ ከሚመጣብሽ ሁሉንም በአንድ ቀን ስትሠሪ ክርና መርፌ መቀያየሩ ራሱ ይቀንስልሻል። መኪናሽ በሞተር ከሆነና መብራት ከጠፋ ወደሚቀጥለው ረቡዕ ይተላለፍ፤ ማታ አታካክሺው።

ደብተሩን ደግሞ አስረክቢ። ትልቁን ትርፍ የያዘ ሰው መዝገብ መያዝ የለበትም፤ ንጹሕ ብትሆኚም ስትጠይቂ «ራሷ ጽፋ ራሷ ትጠይቃለች» ያሰኛል። አስተማሪው ይያዘው፤ ለሒሳብ ሰው አይከብደውም። በወር ሁለት ሰዓት ይታሰብለት። ከየት? 14ቱም ቤት በወር ግማሽ ግማሽ ሰዓት ለጋራ ያዋጣ፤ 7 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱ ለጸሐፊው፣ አምስቱ ለታመመ፣ ለወለደች፣ እንደ እማማ ላሉ። ጣሪያና ወለልም አብጁለት፤ ከ10 ሰዓት በላይ ማንም አያጠራቅም፣ ዕዳውም ለማንም ከ6 ሰዓት አይበልጥም። ከ6 ያለፉት ሦስቱ እስኪመለሱ ድረስ አዲስ አገልግሎት አይወስዱም፣ ይሠራሉ ብቻ። ጣሪያው ለአንቺ ነው የሚበጀው፤ 10 ላይ የደረሰ ሰው መስጠቱን አቁሞ መቀበል አለበት። በየሥራው ቀን፣ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የዕቃ ብር ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙ። በቴሌግራም ግሩፑ ከተለጠፈ በሦስት ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካልመጣ ይጸናል። ወንድ ሠራተኛ ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ሲሄድ ሌላ ሰው ይኑር የሚል ደንብም ጨምሩበት፤ ለሁለቱም ይበጃል።

ለዚህ መጥራት ያስፈልግሻል። እሑድ አመሻሽ ላይ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ቡና አፍዪ። ከምሳ በኋላ አትሞክሪው፤ ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ከእሑድ በፊት ግን ባለዕዳዎቹን ሦስቱንም በየቤታቸው ሄደሽ ቁጥራቸውን ለብቻ አሳዪያቸው። ሰው ፊት 9 ብሎ ማንበብ ሌላ ነው። ቡናው ላይ ስም አታንሺ፤ «ትርፍ 39፣ ጎደሎ 39፣ የእኔ 32 ነው፤ ደክሞኛል፣ መቀበልም አልቻልኩበትም» በዪ። የመጨረሻዋን አትዝለያት።

32ቱስ? ወደ 10 ለመድረስ 22 ሰዓት መቀነስ አለብሽ። የማኅበሩን ስፌት ለአንድ ወር ተኩል አቁመሽ በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ብትቀበዪ 12 ይቀንስልሻል። የቀረውን 10 ወይ ቀስ ብለሽ ትወስጂዋለሽ ወይ ከፊሉን ለጋራው ትሰጫለሽ፤ ይኼ የአንቺ ፈቃድ ነው፣ ማንም «ስጪ» አይበልሽ። መውጣት ከመረጥሽም መብትሽ ነው። አንድ ወር ቀደም ብለሽ ንገሪ፣ በዚያ ወር የቻልሽውን ተቀበዪ፣ የቀረውን ተዪ። በብር ይተመንልኝ ብቻ አትበዪ፤ ያኔ ስድስት ወር ሙሉ ስታበድሪያቸው እንደነበር ይሰማቸዋል፣ በእድር ላይም ይከተልሻል።

ግን ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፣ በዚህ ሳምንት። ትንሽ ነገር ይሁን። የእንፋሎት ካውያ ካለሽ የድሬ ውኃ ኖራ ሞልቶበት ጨርቅ ላይ ነጭ ነጭ እየተፋ እንደሆነ እገምታለሁ። አጠቃቀሙ ላይ የተጻፈውን አይቶ በኮምጣጤ የሚያጸዳልሽ ከ14 ቤት አይጠፋም። ወይም ሹሩባውን፤ እሷ ቀድማ ጠይቃሻለች፣ መንገዱ ክፍት ነው። ግሩፑ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ቅዳሜ ጠዋት የልጄን ፀጉር የሚሠራልኝ እፈልጋለሁ፣ ሁለት ሰዓት፣ ከእኔ ይቀነስ።» ጠዋት ላኪው፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ከላክሽው እስከ ማታ የሚያየው የለም።